ካልጨረሳችሁት ለምን ትጀምሩታላችሁ?

ይሄን ሳልጽፍ ባልፍ አንጀቴ አይርስም። አንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ «እሑድን ሙሉ ቀን ክላሲካል ሙዚቃና ኪነ ጥበብ» እያለ ሳምንቱን በሙሉ ሲያስነግር ከረመ። ስሙን አልጠራም፤ ጠብ ፍለጋ አይደለሁም። የሆነውን ግን እናገራለሁ።

እኔ ደብረ ማርቆስ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሬዲዮ የሥራ ጓደኛዬ ነው። በዚህ ዝግጅት ከልቤ ነው ደስ ያለኝ። መብራት ስለማይታመን ለሬዲዮኑ አዲስ የባትሪ ድንጋይ ገዛሁ፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የትም ሳልሄድ ቁጭ አልኩ። ሙዚቃው ሲጀምር እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ደግሞ ማን ሞተ?» አለች። አትፍረዱባት። እኛ አገር ዘፈን የሌለበት ሙዚቃ ሲደጋገም የሚሰማው ትልቅ ሰው ሲሞት ነው። «አይ እማዬ፣ ዛሬስ ለደስታ ነው» አልኳት።

በበገና ነበር የተከፈተው። በገና እንዴት እንደሚሰማ ታውቁ የለ? አሥሩም አውታር የበግ አንጀት ነው። ከሥሩ እንዝራ የምትባል ትንሽ ቆዳ ትገባለች። ያ ደረት ውስጥ የሚገባው እዝዝታ የሚመጣው ከእሷ ነው። ደርዳሪውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለራሱ የሚጸልይ ነው የሚመስለው። እንግዲህ በዚህ ላይ ነው አዘጋጇ «እንዴት ናችሁ አድማጮቻችን፣ ቡና እየጠጣችሁ ነው?» እያለች የምታወራው! ደርዳሪው ማን እንደሆነ አልተነገረም። በመሃል ተቆረጠ። ማስታወቂያ ገባ።

እሺ፣ መጀመሪያ ላይ ነው፣ ይስተካከላል ብዬ ዝም አልኩ።

ቀጥሎ የቤትሆቨን ዘጠነኛ ሲምፎኒ ተባለ። ይሄ ሥራ ሰባ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። አራት ክፍል አለው። መዘምራኑ የሚገቡት በመጨረሻው ክፍል ብቻ ነው። እስከዚያ ሰው ሦስቱን ክፍል በትዕግሥት የሚሰማው ያንን ሰዓት እየጠበቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1824 ቪየና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ሰውየው ጆሮው ደንቁሮ ነበር። ራሱ ያልሰማውን ነገር ለእኛ ትቶልን ሄደ። እኛ ጆሮ እያለን አንሰማውም! ሦስተኛው ክፍል፣ ያ ዝግ ያለውና ልብ የሚያባባው፣ ገና ሳያልቅ ምን ቢገባ ጥሩ ነው? የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የተጫዋቾች ዝውውር። ከዚያ ሲመለሱ ሲምፎኒው የለም። ሌላ ነገር ተጀምሯል። መዘምራኑም ሳይገቡ ቀሩ። ይቅርታ እንኳን የጠየቀ የለም።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ያደረጓቸውን ሳልናገር አላልፍም። በ2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው ያረፉትን ፒያኖ ተጫዋቿን መነኩሴ ነው የምላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ውስጥ ሸክላ ያሳተሙት ለወላጅ አልባ ሕፃናት ገንዘብ ለማሰባሰብ ነበር። የእሳቸውን ፒያኖ ምን ላይ አዋሉት? የቤት ሽያጭ ማስታወቂያ ሥር አነጠፉት። «ቅድመ ክፍያ አመቻችተናል» የሚል ሰው እየጮኸ፣ ከሥር እማሆይ ይጫወታሉ። ስማቸውም አልተጠራም። ቀኑ የኪነ ጥበብ ነው ተብሎ!

ከሁሉ ያረረኝ ግን ከሰዓት በኋላ የሆነው ነው። አንድ የቅኔ መምህር እንግዳ ሆነው ቀረቡ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ጎጃም እኮ የቅኔ አገር ነው። የእነ ዋሸራ፣ የእነ ጎንጅ፣ የእነ ዲማ ቅኔ ቤት ሲባል ከየትኛው ክፍለ ሀገር ቆሎ ተማሪ ያልመጣ አለ? የኔታ ረጋ ብለው ጀመሩ። ተማሪው ማታ ቅኔ ተቀብሎ እንዴት እንደሚያድር፣ ሲነጋ ዛፍ ሥር ለብቻው ተቀምጦ የራሱን ቅኔ እንዴት እንደሚቆጥር፣ ማለትም እንደሚያዘጋጅ፣ ተናገሩ። ከዚያ «አንድ ጉባኤ ቃና ልበል» አሉ። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ናት። ሁለት! ከቅኔ ሁሉ አጭሯ። በዜማ አሏት። እንዴት ያለ ድምፅ ነበር!

እኔ ግዕዙን በደንብ አልሰማም፤ አብዛኛው አድማጭም እንደኔ ነው። ስለዚህ ፍቺውን እየጠበቅን ነው። የኔታም «አሁን ሰሙ ምን ይላል መሰላችሁ...» ብለው ሲጀምሩ አዘጋጁ «የኔታ፣ ሰዓት ስለገፋን በጣም እናመሰግናለን» አላቸው። ከሰሙ አልተደረሰ፣ ከወርቁ አልተደረሰ። የኔታም «እሺ ልጄ» ብለው ዝም አሉ። እንደ እሳቸው ያለ ሰው ለስንት ዓመት ጉባኤ ዘርግቶ የኖረ ነው። በእሳቸው ቦታ የገባው የስልክ ጥያቄና መልስ ሽልማት ነው። ሬዲዮኑን አንስቼ ልወረውረው ምንም አልቀረኝም።

«የእኛ ሰው ረጅም ነገር አይሰማም» ይሉኛል። ውሸት ነው! ይሄ ሕዝብ መቋሚያ ተደግፎ ማኅሌት ቆሞ የሚያድር ሕዝብ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰው ሥራውን አስቀምጦ ተራኪውን ሲጠብቅ ነው የኖረው። ሐዲስም እዚሁ ከእንዶዳም የወጡ፣ የዲማን ቅኔ ቤት የሚያውቁ የጎጃም ሰው ናቸው። ያኔ የሰማ ጆሮ ዛሬ ምን ሆነ? ጆሮውስ አለ። ትዕግሥት ያጣው ማይክ የያዘው ሰው ነው።

የገንዘቡ ነገር ይገባኛል። የአየር ሰዓት ይገዛል፣ ስፖንሰር ይፈለጋል፣ ማስታወቂያ ከሌለ ደመወዝ የለም። ማስታወቂያውን አታሰሙ አላልኩም። አንዱ ሥራ ሲያልቅ፣ ሌላው ሳይጀምር አስገቡት። ማን እንደደረሰው፣ ማን እንደተጫወተው በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩን። ሙዚቃ ላይ አታውሩ። ሰባ ደቂቃ ከሌላችሁ የአራት ደቂቃ ሥራ ምረጡ፤ ግን እስኪያልቅ አሰሙን። ይሄ ብር አይጠይቅም።

የኔታ ስቱዲዮ መጥተው ነበርና ቅጂው እጃችሁ ላይ ይኖራል። ካልተቀዳም ያሉበትን ታውቃላችሁ፤ ሄዳችሁ ይቅርታ ጠይቋቸውና የዚያችን ጉባኤ ቃና ፍቺ ይዛችሁልን ኑ። ለእሑድ ካልተመቻችሁ በሥራ ቀንም ይሁን። እኔ ከጠዋት እስከ ማታ ሬዲዮ አጠገብ ነኝ።