የመላእክት ድርሻ

እቴቴ ከአርሲ ነገሌ ሊጠይቁን ወደ እንግሊዝ አገር በመጡ በሁለተኛው ሳምንት፣ ቤተ መንግሥቱንም ታላቁን ሰዓትም አይተው «ደግ ነው» ብቻ ብለው ቢያልፉ፣ እጃቸውን በአፋቸው የሚያስጭን ነገር ፍለጋ ኖርፎክ ወደሚገኝ የውስኪ ፋብሪካ ልወስዳቸው ወሰንሁ። ይህን ያደረግሁት በፍቅር ብቻ ነው ብል ውሸት ይሆናል፤ እኛ ውጭ የምንኖር ሰዎች ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ሲደነቅ ካላየን፣ የተሰደድንበት ትርፉ አይታየንም። እቴቴ ያስተማሩኝ ካቲካላ አውጥተው በመሸጥ ነው፤ እኔ ግን ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ «አክስቴ ነጋዴ ናቸው» እያልሁ አደግሁ፤ ዛሬም በሎንደን ሰርጎች የውስኪውን ጠርሙስ፣ መለያው ለአላፊ አግዳሚው እንዲታይ አድርገው ከሚያዞሩት ወገን ነኝ።

ፋብሪካው የሚገኘው ቴትፎርድ ከተማ አጠገብ፣ ሩድሃም በምትባል መንደር ነው። ጄምስ ኔልስትሮፕ የተባሉ ገበሬ ከልጃቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራ ሲያስጀምሩት፣ እንግሊዝ ውስኪ ማውጣት ካቆመች 100 ዓመት አልፏት ነበር፤ ሊ ቫሊ የተባለው የሎንደን ፋብሪካ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ከተዘጋ ወዲህ፣ ሕዝቡ የጎረቤቱን የስኮትላንድን ጠርሙስ እየገለበጠ ኖሯል። ፋብሪካው ሲመሠረት የወጣለት ስም ቅዱስ ጊዮርጊስ መሆኑን ስነግራቸው እቴቴ አማተቡና «እዚህም መጠጥ ነው የሚያወጣው?» አሉ።

አስጎብኚው ትሑት ሽማግሌ ነበሩ፤ እኔም በአስተርጓሚነት ተሰየምሁ፤ ሥልጣኔ ግን አሥር ደቂቃም አልቆየ። «ገብሱን ነክረው ያበቅሉትና…» ብዬ ስጀምር እቴቴ «ብቅል» አሉ። «ተፈጭቶ በሙቅ ውሃ ይታሽና እርሾ ገብቶበት ለቀናት ይፈላል» ስል «ድፍድፍ» አሉ። ሁለት ትልልቅ የመዳብ ጋኖች ፊት ደርሰን፣ ከመጀመሪያው የወጣው በሁለተኛው ተመልሶ እንደሚወጣ በብዙ ቃል ሳስረዳ በትዕግሥት ከሰሙኝ በኋላ «ዳገም በል፣ ልጄ፤ ምን ያንተባትብሃል?» አሉኝ። ቀጥለው ጌሾው የት እንዳለ አስጠየቁኝ። አስጎብኚው ምንም እንደማይጨምሩ ቢመልሱ፣ እቴቴ ጨው የሌለው ወጥ እንደቀረበለት ሰው በሐዘኔታ ተመለከቷቸው። እውነቱን ለመናገር ያስደነቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የሚወርደው መጠጥ በተቆለፈ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ማለፉ፣ ቁልፉም በጥንት ዘመን በቀረጥ ሹሙ እጅ መኖሩ። «ሙዳየ ምጽዋት አደረጉት እንዴ!» አሉ።

ከመዳቡ የሚወርደው እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው። እቴቴ አሸተቱትና የዱሮ ባልንጀራ እንዳገኘ ሰው ፈገግ አሉ። ሕጉ ግን ይህ መጠጥ በእንጨት በርሜል ቢያንስ 3 ዓመት ሳይተኛ ውስኪ ተብሎ እንዳይጠራ ይከለክላል። «ለስም 3 ዓመት? እኛ ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን እናስነሣለን» አሉ እቴቴ። በርሜሎቹም ብዙዎቹ ከአሜሪካ የሚመጡ ናቸው፤ የዚያ አገር ሕግ በርበን የሚባለው ውስኪ በአዲስ በርሜል ብቻ እንዲቀመጥ ስለሚያዝ፣ አንድ ጊዜ ያገለገለው በርሜል ባሕር ተሻግሮ ይሸጣል። እቴቴ «ሳልቫጅ ነዋ!» አሉ፤ ይህን አልተረጎምሁም። ውስኪው ወርቃማ ቀለሙን የሚያገኘው ከዚያ እንጨት መሆኑን ስሰማ፣ በየሰርጉ ስኮራበት የኖርሁት ከሳልቫጅ የለቀቀ ቀለም መሆኑ ገባኝ።

ወደ መጋዘኑ ገብተን፣ በየዓመቱ 2 በመቶ ያህሉ በእንጨቱ ቀዳዳ ተንኖ እንደሚጠፋና ይህም «የመላእክት ድርሻ» እንደሚባል አስጎብኚው በፍቅር ነገሩን። እቴቴ በርሜሎቹን ከዳር እስከ ዳር ቃኙና «እኛ ጎተራ ሲጎድል አይጥ ነው የምንለው» አሉ።

በቅምሻው ላይ ሌሎቹ ጎብኚዎች ዓይናቸውን ጨፍነው አንዱ ቫኒላ፣ አንዱ የደረቀ ፍሬ፣ አንዱም የአያቱን የቆዳ ወንበር አሸተተ፤ እቴቴ ብቅል ሸተታቸው። ነጂው እኔ ስለሆንሁ አልቀመስሁም፤ በዚያ ፈንታ አዋቂ ለመምሰል፣ የ12 ዓመት ውስኪ ቡፌዬ ውስጥ ለ18 ዓመት ስላስቀመጥሁ ዛሬ 30 ሞልቶት እንደሆነ ጠየቅሁ። አስጎብኚው ውስኪ የሚያረጀው በእንጨት ውስጥ ብቻ መሆኑን፣ ጠርሙስ ከገባ በኋላ ግን ዕድሜው እንደማይጨምር በጨዋነት ገለጹልኝ። እቴቴ አስተርጉመው ከሰሙ በኋላ «ታዲያ ማንን ይጠብቃል?» አሉ።

ማታ ቆሎ ቀርቦ ቡፌው ተከፈተ። ክዳኑ ያለ ትግል ዞረ። ጠርሙሱን ከቦታው ሳነሣው ቀለለኝ፤ ከ18 ዓመት በፊት ሙሉ የነበረው፣ መለያው ከሚሸፍነው ከወገቡ በታች ጎድሏል፤ እኛ ደግሞ ለእንግዳ የምናሳየው መለያውን ነው። እቴቴ ጠርሙሱን ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው ለኩ፤ ከዚያም ስልኩ ላይ ድንገት ብዙ ሥራ የበዛበትን፣ ዩኒቨርሲቲ የሚማረውን ልጄን ከእግር እስከ ራሱ ተመለከቱትና፦

«የእናንተዎቹ መላእክትስ ቁመታቸው ረጅም ነው» አሉ።