ውሃ ጠምቶት አይደለም

እህቴ፣ «የአራት ኪሎ በረንዳ ላይ ቲማቲምም የጄራኒየም አበባም ከጠወለገ ውሃ ጠምቶት ነው፤ ጠዋት ማታ አጠጡት፣ ካልተሻለው ማንኮዜብ ርጩበት» ላልሽው ትንሽ እርማት።

አፈሩ ደርቆ ከሆነ ልክ ነሽ። አፈሩ እርጥብ ሆኖ፣ ቅጠሉ ሳይገረጣ በአረንጓዴነቱ ድንገት ከተልፈሰፈሰ ግን የባክቴሪያ አጠውልግን ጠርጥሪ። ራልስቶኒያ የሚባለው ባክቴሪያ በሥር ቁስል ገብቶ የተክሉን የውሃ ቧንቧ ይደፍናል። ብታጠጪው ወደ ላይ አይወጣም፤ ጭራሽ ከሥር የሚንጠባጠበው ውሃ በሽታውን ለጎረቤት ያደርሳል። ማንኮዜብ ደግሞ የፈንገስ መድኃኒት ነው፤ ብርሽን አታባክኚ።

መለየት ከፈለግሽ ግንዱን ከአፈሩ ጠጋ አድርገሽ ቁረጪና ጫፉን ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ሳትነቀንቂ ያዢው። በደቂቃዎች ውስጥ ወተት የመሰለ ክር ቁልቁል ከወረደ፣ እሱ ነው።

«አዲስ አበባ ብርድ ስለሆነ እዚህ አይደርስም» የሚለውም አያስኬድም። ሙቀትና ርጥበት ያባብሰዋል፣ እውነት ነው፤ ድንችንና ጄራኒየምን የሚያጠቃው ዝርያ ግን ደጋውን ይችለዋል። ከመርካቶ የገዛነውን የወጥ ድንች ቆርጠን ስንተክል (ሁላችንም እናደርገዋለን!) አብሮ ሊመጣ ይችላል።

የታመመውን ከነአፈሩ አስወግጂ፣ መቀሱንና ማሰሮውን በበረኪና እጠቢ። በዚያ አፈር ቃሪያም አትትከዪ፤ እሱንም ይይዘዋል።