ረጅም መንገድ፣ አጭር ቆይታ

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆችን ይዞ ዘመድ ጥየቃ መሄድ፣ እዚህ አሜሪካም ሆነ አገር ቤት በተመሳሳይ ወራት የሚውል ልማድ ነው። ሐምሌና ነሐሴ እዚህ ሐሩር፣ እዚያ ደግሞ ዶፍ ዝናብ ናቸው፤ ዋናው ልዩነት ግን ከአየሩ አይደለም። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የምንኖር ቤተሰቦች አትላንታ ያሉ ወንድሞቻችንንና እህቶቻችንን ለመጠየቅ የምናደርገውን ጉዞ፣ በልጅነታችን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ እንሄድ ከነበረው ጋር ሳስተያየው፣ ከመንገዱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ከደረስን በኋላ የምንቆይበት ጊዜ ማጠሩ ነው።

መንገዱስ ምስጋና ይገባዋል። ከዋሽንግተን አካባቢ ተነስቶ በ95 ቁጥር አውራ ጎዳና ሪችመንድን አልፎ፣ ፒተርስበርግ ላይ ወደ 85 ቁጥር ታጥፎ፣ ሁለቱን ካሮላይናዎች አቋርጦ አትላንታ እስኪገባ ከ600 ማይል በላይ ነው፤ በኪሎ ሜትር 1,000 ገደማ መሆኑ ነው። በየመሃሉ ንጹሕ፣ ክፍያ የማይጠየቅበት መጸዳጃ ቤትና የሕፃን ሽንት ጨርቅ መቀየሪያ ያላቸው ማረፊያዎች አሉ። አራስ ልጅ ይዛ አገር ቤት በአውቶቡስ የተጓዘች እናት የዚህን ዋጋ ታውቀዋለች፤ በእኛ መንገዶች ለሴት ተሳፋሪ የሚሆን መጸዳጃ ማጣት ከድካሙ ሁሉ የከፋ ነበር፣ በብዙ ቦታ ዛሬም እንደዚያው ነው። በቨርጂኒያ ስምንት ዓመት ያልሞላው ልጅ ለእርሱ በተዘጋጀ መቀመጫ ታስሮ እንዲሄድ ሕጉ ያስገድዳል። እኛ በእናታችን ጭን ላይ፣ ሲጠብም ከሾፌሩ አጠገብ ሞተሩ ላይ ተቀምጠን ነበር የምንጓዘው። ይህን በናፍቆት ሲያወሩት ስሰማ ያስከፋኛል፤ በዚያ ዓይነት ጉዞ ልጃቸውን ያጡ ወላጆች አሉና።

ሆኖም የአትላንታው መንገድ ለሕፃን የሚያሳየው ጥቂት ነው፤ ከጥድ ዛፍና ከጭነት መኪና በቀር ብዙ ነገር የለም፣ ልጆቹም ዓይናቸውን ከታብሌታቸው ላይ አያነሱም። የደሴው መንገድ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም ቀኑን ሙሉ ይወስድ ነበር፤ የደብረ ብርሃን ብርድ፣ የጣርማ በር ጭጋግና ጣሊያን የፈለፈለው ዋሻ፣ በመስኮት የሚገዛው የደብረ ሲና ቆሎ፣ ቁልቁለቱ ሲያልቅ የሸዋ ሮቢት ሙቀት፣ ከዚያ ከሚሴና ኮምቦልቻ ይከተላሉ። የማናውቃቸው እናት ታናሻችንን ከእናታችን ተቀብለው ያስተኙት ነበር። ልጅ በዚያ መንገድ ላይ አገሩን ሳያስበው ያጠናል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ክረምቱን ሙሉ መቆየታችን ነበር። በፍልሰታ ከአያታችን ጋር ጾመን ቆርበን፣ በቡሄ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ጨፍረን፣ የሙስሊም ጎረቤቶቻችንን ቤት እንደ ራሳችን ለምደን፣ ለአዲስ ዓመት እንመለሳለን። አክስታችን ስናጠፋ ትቆጣናለች፣ ስንታመም ታድርልናለች፤ የማን ልጅ፣ የማን የልጅ ልጅ እንደሆንን ማንም ቁጭ አድርጎ ሳያስተምረን እናውቅ ነበር።

አትላንታ ግን ዓርብ ማታ ተነስተን፣ ቅዳሜ ውለን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ እንመለሳለን፤ የጁላይ 4 የነፃነት በዓል አንድ ቀን ከጨመረልን ትልቅ ነገር ነው። ልጆቹ በመጀመሪያው ቀን ይተፋፈራሉ፣ በሁለተኛው ገና መጫወት ሲጀምሩ እያለቀሱ ይለያያሉ። በዓመቱ ሲገናኙ እንደገና ከመተፋፈር ይጀምራሉ።

ለዚህ ወላጆችን ብቻ መውቀስ አይገባም። የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ አሠሪ ለሠራተኛው ደመወዝ የሚከፈልበት የዓመት ፈቃድ እንዲሰጥ አያስገድድም። በመኪና ማቆሚያ ወይም በአረጋውያን መንከባከቢያ በሰዓት ተከፋይ ሆኖ፣ አለዚያም በታክሲ ለሚሠራ ወገናችን፣ ያልሠራበት ቀን ያልተከፈለበት ቀን ነው። በኢትዮጵያ ግን የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156፣ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የሚከፈልበት ፈቃድ ይደነግጋል። ገበሬውና የጉልት ነጋዴዋ ከዚህ ውጪ መሆናቸው እውነት ነው፤ ቢሆንም ድሃ የምንላት አገር በሕግ ያወቀችውን ዕረፍት ሀብታሟ አገር ለአሠሪ በጎ ፈቃድ መተዋ ያሳዝነኛል።

አገር ቤት ያለው ልማድም ቢሆን አደጋ ላይ ነው። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተባባሰው ግጭት ምክንያት፣ ልጅን አሳፍሮ ወደ አያት መላክ ብዙ ወላጅ የማይደፍረው ነገር ሆኗል። አቅም ያለው እስከ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን ይሄዳል፤ የሌለው ልጁን ቤቱ ያስቀራል። ደርሶ መልስ ቲኬት ገዝተን ልጆቻችንን ከአያቶቻቸው ጋር ለማክረም ያቀድን የውጭ ነዋሪዎችም አዲስ አበባ ላይ እንገታለን።

ስለዚህ መፍትሔው እዚሁ ሊፈለግ ይገባል። ወላጅ ወደ ሥራው ሲመለስ ልጆቹን ለሁለትና ለሦስት ሳምንት አክስታቸው ዘንድ መተው፣ በተራው ደግሞ የእርሷን መቀበል ይቻላል። ለጉብኝት የሚመጡ አያቶች አብዛኛውን ጊዜ እስከ ስድስት ወር ስለሚፈቀድላቸው፣ ሁሉም የልጅ ልጆች እነርሱ ባሉበት ቤት እንዲከርሙ ማድረግም ያዋጣል። አክስትም ሥራ ስላላት ማጣፊያው እንደሚያጥራት አውቃለሁ፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለልጆች መዋያ፣ ለበጋ ካምፕ፣ የምንከፍለው ግን ተሰብስቦ አንድ ሞግዚት ሊቀጥር ይችላል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ከወንድምና ከእህት ጋር በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል፤ እዚህ አገር ያለች አክስት የእህቷን ልጅ መቆጣት ትፈራለች፣ እንደ እንግዳ እያሞላቀቀች ትመልሰዋለች። ሲያጠፋ እንድትገሥጸው፣ እንደ ልጆቿ ሳህን እንዲያጥብና በጊዜ እንዲተኛ እንድታዝዘው፣ ፈቃዱን ልጁ እየሰማ መስጠት ያለብን እኛ ነን።