ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን የሚያድነው ማርሹ ነው

ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ በደብረ ሲና በኩል ሸዋ ሮቢት የሚገባ መኪና ከ1500 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ይህን ሁሉ መንገድ በፍሬን ብቻ ይዞ መውረድ አይቻልም። አደጋ ሲደርስ «ፍሬን እንቢ አለው» ብለን እናልፋለን። ብዙ ጊዜ ግን ፍሬኑን ለዚያ ያበቃው ማርሽ መያዝ የነበረበትን ክብደት ብቻውን እንዲሸከም መተዉ ነው።

የፍሬን ፔዳል ሳይለቀቅ ሲረገጥ ሸራው፣ ማለትም ጎማውን እየታከከ የሚያቆመው የፍሬን ክፍል፣ ከልክ በላይ ይግልና መያዝ ያቅተዋል። ያኔ ፔዳሉ ጠንካራ ነው፤ መኪናው ግን አይቆምም። ሙቀቱ የፍሬን ዘይቱ ጋ ከደረሰ ደግሞ ዘይቱ ይፈላል፣ እንፋሎት ይፈጥራል፣ ፔዳሉም እስከ ወለሉ ይሰምጣል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃውን የጠበቀና አዲስ ከሆነ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይችላል። እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን 140 ላይ ሊፈላ ስለሚችል በየ2 ዓመቱ መቀየር አለበት።

ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ቁልቁለትን በፎሌ (ማርሽ ሳይገባ) መውረድ ትልቅ ስህተት ነው። ኢንጄክሽን ያለው ሞተር ማርሽ ውስጥ እያለ እግር ከነዳጁ ሲነሳ ነዳጅ ይቆርጣል፤ ፎሌ ላይ ግን እንዳይጠፋ ያቃጥላል። የተቆጠበ ነገር የለም። ሞተር ማጥፋትማ ከዚህም የከፋ ነው፦ የፍሬን ርግጫን የሚያቀልለው ሰርቮ ፔዳሉን የሚያግዘው ለሁለት ሦስት ርግጫ ብቻ ነው፣ መሪውም ይከብዳል።

ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ይቀነስ። ለትንሽ መኪና ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ይበቃል፤ የተጫነ ሲኖትራክ ከዚያም ዝቅ ማለት አለበት። ፍጥነት ሲጨምር ለጥቂት ሰከንድ ጠንከር አድርጎ ረግጦ መልቀቅ ነው እንጂ እግርን ፔዳል ላይ ጭኖ መውረድ አይገባም።

የጣርማ በር ጉም ውስጥ ከብት ድንገት ቢገባስ? በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና በደረቅ ሜዳ ላይ እንኳ ለመቆም 37 ሜትር ገደማ ይፈልጋል፤ 17ቱ ሹፌሩ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርስ የሚያልፉ ናቸው። እርጥብ ቁልቁለት ላይ ርቀቱ ብዙ ይጨምራል። ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሥርዓት) ያለው መኪና ከሆነ በሙሉ ኃይል ረግጦ መያዝ ነው፤ ፔዳሉ ቢንቀጠቀጥም እግር አይነሳ። ኤቢኤስ ከሌለው ጎማው ሲቆለፍ ትንሽ ለቀቅ አድርጎ እንደገና መርገጥ ያስፈልጋል፤ የተቆለፈ የፊት ጎማ መሪ አይሰማም።

ፔዳሉ ከሰመጠ ደጋግሞ መምታት፣ ማርሽ በየተራ መቀነስ፣ የእጅ ፍሬኑን ቁልፉን ተጭኖ ቀስ በቀስ መሳብ። በአንዴ ከተሳበ የኋላው ጎማ ተቆልፎ መኪናው ይዞራል። የንፋስ ፍሬን ያለው ከባድ መኪና ግን ፔዳሉ በፍጹም ተደጋግሞ አይመታ፤ ያለው ንፋስ ያልቃል። ሁሉም ካልሠራ ከገደሉ ይልቅ የተራራውን ጎን መታከክ ይሻላል።

ጭስ ከታየ ወይም የተቃጠለ ሸራ ከሸተተ ቆሞ ማቀዝቀዝ ነው። ደብረ ሲና ቆሎ የሚገዛበት ጊዜ ለፍሬኑም ዕረፍት ይሆነዋል። የጋለ ታምቡር (ሸራው የሚታከከው ክብ ብረት) ላይ ውሃ መድፋት ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ጎማ ሥር ድንጋይ ያስደገፈም ሲነሳ ከአስፋልቱ ላይ ያንሳው።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ የሚሰጥ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ቁልቁለት መውረድን በተግባር መፈተን አለበት። ከዋሻው በፊትም ከባድ መኪኖች ሁሉ በግዴታ ቆመው ፍሬናቸውን የሚያስፈትሹበት፣ ማርሽ ቀንሰው የሚወርዱበት ሥርዓት ሊኖር ይገባል።