የእናቴ የሽምብራ ዓሳ

የምኖረው ካናዳ፣ ሳስካችዋን ነው። በሐምሌ ከከተማ ወጣ ስንል መንገዱ ግራና ቀኙ ምስርና አተር ነው። ዓይን እስኪታክት ድረስ። ካናዳ በምስር ንግድ ከዓለም ግንባር ቀደሞቹ ውስጥ ናት። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፊት ግን እዚህ ምስር የሚዘራ ገበሬ አልነበረም ማለት ይቻላል። እኛ አገር ስንት ዘመን ሲዘራ የኖረ ሰብል፣ እዚህ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ እዚህ ደረሰ።

ባለፈው ሰሞን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ምሳ ጋበዘችኝ። ዕለቱ ረቡዕ ነበር። «በርገር ነው፣ ግን ሥጋ የለውም፣ ከአተር ነው የተሠራው» አለችኝ። ደስ ብሎኝ በላሁ። አይከፋም፤ ሲያኝኩት ሥጋ ሥጋ ይላል። ከዋጡት በኋላ ግን አንድ ነገር አፍ ላይ ይቀራል። ጥሬ አተር የቀመሰ ሰው ያውቀዋል።

እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ጓጓሁና አነበብኩ። ቢጫ አተር ይከካል፣ ይፈጫል፣ በውሃ ይበጠበጣል። ስታርቹና አሰሩ ለብቻ ይወጣል። ከዚያ አሲድ ሲጨመርበት ፕሮቲኑ ይረጋል፤ ያንን አድርቀው ዱቄት ያደርጉታል። ዱቄቱ በሙቀትና በግፊት ማሽን ውስጥ ሲያልፍ እንደ ሥጋ ክር ክር ይሆናል። እዚህ ጎረቤታችን ማኒቶባ ውስጥ «ሮኬት» የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በ2021 (እ.ኤ.አ.) የከፈተው ፋብሪካ በዓመት 125,000 ቶን ቢጫ አተር እንዲያቀነባብር የተሠራ ነው። ዱቄቱ የሚገባው በርገር ውስጥ ብቻ አይደለም። ወተት በሚመስለው መጠጥ፣ ስፖርተኞች በሚበሉት ብስኩት፣ በየነገሩ ውስጥ አለ። በጠርሙስ የሚሸጥ፣ መጥበሻ ላይ ሲፈስ እንደ እንቁላል የሚረጋ ነገርም አለ። እሱ ደግሞ ከማሾ ነው።

እኔ ያን በርገር ስበላ በሐሳብ የሄድኩት እናቴ ጓዳ ነው። ሁዳዴ ላይ የሽምብራ ዓሳ ትሠራልን ነበር። የሽምብራውን ዱቄት በዘይትና በቅመም ለውሳ በዓሳ ቅርጽ ትጠፈጥፈዋለች። ጭራና ክንፍ ታወጣለታለች። እኛ ልጆቹ «ትልቁ ዓሳ የኔ ነው» እያልን እንጣላለን። ጠብሳው ስታበቃ ቁሌቱ ውስጥ ትጨምረዋለች፤ እዚያ ውስጥ ወጡን እየጠጣ ይለሰልሳል። ቡቲቻውም፣ ስልጆውም፣ የሱፍ ፍትፍቱም እንደዚሁ ነው። ረቡዕና ዓርብን፣ ሁዳዴን፣ ፍልሰታን፣ የገናን ጾም ደምሩ። የዓመቱን ግማሽ ያህል ያለ ሥጋና ያለ ወተት ሲያበስል የኖረ ሕዝብ በዚህ ነገር የተካነ ነው። ይህ ሙያ ነው። የእናቶቻችን ዕውቀት ነው።

ታዲያ አገር ቤት እንግዳ ሲመጣ ምን ይባላል? «ምንም የለም እኮ፣ ሽሮ ብቻ ነው።» እናቴም እንደዚህ እያለች ነው የምታቀርበው። «ቤት ያፈራው ነው» እያለች አንገቷን ደፋ ታደርጋለች። ይሄ ሁሌም ያሳዝነኛል። እንጀራ በሽሮ ማለት እኮ ትልቅ ነገር ነው። በፕሮቲን በኩል እህሉ የሚያንሰውን ጥራጥሬው ይሞላለታል፣ ጥራጥሬው የሚያንሰውን እህሉ።

ደግሞ እውነቱን መደበቅ አልፈልግም። ባልደረባዬ አተሩን የበላችው መርጣ ነው። ሥጋ ብትፈልግ ፍሪጇ ውስጥ አለ። አገር ቤት ብዙ ሰው ሽሮ የሚበላው ሌላ ስለሌለ ነው። ለሕፃን ልጅ እንቁላልና ወተት ሲጠፋ «ሽሮ ጤናማ ነው» ብሎ ማጽናናት አይቻልም። ጓያን አስቡ። ድርቅ መጥቶ ሌላው ሰብል ሲከዳ ጓያ ይቆማል። ግን ለወራት ዋና ምግቡ ጓያ የሆነ ሰው እግሩ ሊሽመደመድ ይችላል፤ አንዴ ከተሽመደመደ እግሩ አይድንም። በዚህ የተጎዱ መንደሮች አገራችን ውስጥ አሉ። እዚህ ስለ ዕፅዋት ፕሮቲን ሲወራ ይህ ታሪክ አይነሳም። መነሳት አለበት።

ሰብሉ ግን ምን ጥፋት አለው? ሽምብራን እንውሰድ። ኢትዮጵያ በሽምብራ ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። ዝናቡ ሲያበቃ፣ መስከረም ላይ፣ መረሬው አፈር በያዘው እርጥበት ብቻ ይዘራል። ሥሩ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅን ከአየር ያመጡለታል፤ ለሚቀጥለው ጤፍም ይተርፋል። ገበሬው ይህን አውቆ ነው ጤፉን ከሽምብራ ጋር ሲያፈራርቅ የኖረው። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከልም አረርቲንና ሻሾን የመሳሰሉ ዝርያዎች አውጥቷል። ገበሬም አለ፣ ምርምርም አለ። የጎደለው ከጆንያው ቀጥሎ ያለው ሥራ ነው። ነጭ ቦሎቄያችን በጆንያ ወጥቶ አውሮፓ ውስጥ ቆርቆሮ ውስጥ ይታሸጋል። ማሾውም እንደዚሁ በጥሬው ይሄዳል። ለምን አዳማ ወይም ሞጆ ላይ አይከካም፣ አይፈጭም፣ አይታሸግም? ሽሮ ለማዘጋጀት እኮ ባለሙያ ከውጭ አናስመጣም።

ቅዳሜ እናቴ ጋ ደወልኩ። ሽሮ ልታስፈጭ ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዛለች። ወፍጮው ይጮሃል፣ እየጮህን ነው የምናወራው። አተሩን ቀቅላ፣ ፀሐይ ላይ አስጥታ፣ አምሳ፣ አስከክታ፣ በሰፌድ አበጥራ ነው የመጣችው። ስለ ፋብሪካው ነገርኳት። ስለ በርገሩም። የዚያ ጣዕም ነገር አምራቾቹን እንደሚያስቸግራቸው፣ በማጣፈጫ ሊሸፍኑት እንደሚደክሙም ነገርኳት።

«ምን ምን ይላል?» አለችኝ።

«ጥሬ ጥሬ ይላል።»

«አላመሱትማ!» አለችኝ።