መዝገበ ቃላቴ ሲ ላይ ቀረ

ትናንት ጠዋት ቡናዬ ላይ ስኳር ልጨምር ቆርቆሮውን ስከፍት ማንኪያዬ ወረቀት ይዞ ወጣ። ጣት የምታክል ቁራጭ ናት። በእንግሊዝኛ «ሎኳሺየስ» ተብሎ ተጽፎባታል። የጅማ ክረምት ስኳር ያጓጉላል፤ ወረቀቷም ከስኳሩ ጋር ተጋግራ ነበር። ልሼ ጣልኳት። ዘመኑ ስኳር የሚጣልበት አይደለም።

ጥፋተኛው የእህቴ ልጅ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ቂጦ ፉርዲሳ ግቢ ኢንጂነሪንግ ጨርሶ እኔ ጋ ይኖራል። ውጭ አገር ማስተርስ ልማር ብሎ ጂአርኢ የሚባለውን ፈተና አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ተፈተነ። ሒሳቡን 161 አመጣ። ቨርባል የሚሉትን፣ የቋንቋውን ማለት ነው፣ 143። እናቱ በስልክ 143 ሲላት እልልታውን አቀለጠችው። ከመቶ መስሏታል። እውነቱን ለመናገር እኔም ለአንድ ሁለት ቀን ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው። ኋላ ነው ነጥቡ ከ130 ጀምሮ 170 ላይ እንደሚያልቅ የነገረኝ። ሁሉንም የሳተ ሰው ራሱ ከ130 አይወርድም። እንዲህ ያለ ቸር ፈታኝ በእኛ ጊዜ ቢኖር ኖሮ እኔም ዛሬ ሌላ ሰው ነበርኩ።

ፈተናውን በ21 ቀን ልዩነት፣ በዓመት እስከ አምስት ጊዜ መድገም ይቻላል። ክፍያው ግን በእያንዳንዱ ጊዜ ከ200 ዶላር በላይ ነው። በዶላር! ስለዚህ የምንደግመው አንዴ ብቻ ነው ተባለ፤ ቤቱም ወረቀት ለበሰ። መስታወቱ ላይ ቃል። ማቶቱ ሥር ቃል። አልዘጋ ያለው የመታጠቢያ ቤት በር ላይ «ኦብስቲኔት» ለጥፏል። ችክ ያለ፣ እምቢ ባይ ማለት ነው አለኝ። በዚህኛው ተስማምተናል።

«ሎኳሺየስስ?» አልኩት ስኳሩን ከጺሜ ላይ እየጠረግኩ።

«ለፍላፊ ማለት ነው ጋሼ። ጋሩለስም እንደዚያው ነው። ፈተናው ላይ ባዶ ቦታ ያለው አረፍተ ነገር ይመጣና ስድስት ቃል ይደረደርልሃል። አረፍተ ነገሩን አንድ ዓይነት ትርጉም የሚሰጡትን ሁለቱን ነው የምትመርጠው። አንዱን ብቻ ብታገኝ ነጥብ የለም…»

እያስረዳኝ ነው። የእኔ ልብ ግን ስኳሩ ጋ ነበር።

ቅዳሜ ጎረቤት ቡና ተጠራን። አቦሉ ሳይቀዳ የልጁ ነገር ተነሳ። «ፊልም ይይ፤ ከሥር ጽሑፍ የሌለውን» አለች አንዷ። «ፈረንጅ ይጥበስ» አለ ሌላው። የአከራያችን ልጅ ደግሞ፣ ባጃጅ ነው የሚነዳው፣ «ቨርባል ማለት ንግግር አይደል እንዴ? አፉን ይፍታ!» አለ። ልጁ ፈተናው ላይ ትንፍሽ እንደማይባል፣ ከኮምፒውተር ጋር ተፋጦ 27 ጥያቄ በ41 ደቂቃ መጨረስ እንደሆነ ሊናገር አፉን ከፈተ። ያኔ ቆሎው መጣ። ማን ይስማው? አምስት ሰው መከረው። የትኛው ዓይነት ጥያቄ ነው የጣለህ ብሎ የጠየቀው አንድም ሰው የለም።

እኔም አላስችል ብሎኝ ተረቴን ወረወርኩ። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል!»

ይህችን ተረት እወዳታለሁ። ሠርግ ላይ ብያታለሁ። ሽምግልና ላይ ብያታለሁ። አንዴ ለቅሶ ቤት ብያት እህቴ በክርኗ ጎሽማኛለች። ሰውየውን እስቲ አስቡት። በቅሎ አለው፣ ጋሻ አለው፣ ጀግና ነው። ንጉሡ ፊት ሲቀርብ አፉ ተያዘ። ማዕረጉን ጎረቤቱ ወሰደው። እርግጥ ነው፣ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የምትልም አለችን። የእኛ ተረት እንደ ጠበቃ ነው፤ ለከሳሽም ለተከሳሽም ይቆማል። እኔ ግን የደጃዝማቹን እመርጣለሁ። እኔም ራሴ በአፌ ምክንያት የቀረሁ ሰው ነኝ፤ በእንግሊዝኛው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ አባቴ መርካቶ ወርደው፣ የጅማውን መርካቶ ነው የምላችሁ፣ ቀይ ሽፋን ያለው የኪስ መዝገበ ቃላት ገዙልኝ። አስተማሪያችን በቀን አሥር ቃል ሸምድዱ አሉን። ከኤ ጀመርኩ። «አባንደን» ላይ ትንሽ ቆየሁ። ቢን ጨረስኩ። ሲን እንደጨረስኩ አንድ የክፍል ጓደኛዬ «ለዛሬ ብቻ አውሰኝ» አለኝ። አዋስኩት። ይኸው 28 ዓመት ሆነው። የእኔ እንግሊዝኛም ሲ ላይ እንደቆመች አለች።

ሰውየው ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል። ፈረንጅ አራዳ ላይ ሲያየኝ መኪናውን ቀስ አድርጎ እጁን ያውለበልብልኛል። ስብሰባ ላይ ሲናገር ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ። «ዳይናሚክ»። «ዲሲፕሊን»። «ዴቨሎፕመንት»። ሁሉም በዲ የሚጀምሩ! ከኔ መዝገበ ቃላት እኮ ነው የሚናገረው። አንድ ቀን እጄን አውጥቼ «ይህ ቃል የኔ ነው፣ ይመለስልኝ» ልል ትንሽ ነው የቀረኝ። የንስሐ አባቴ ይቅር በለው ይሉኛል። ከዲ እስከ ዜድ እኮ ነው የወሰደብኝ!

ወደ ልጁ ልመለስ። አይ፣ አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ፤ እሷን ልበል።

ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውንም ጂኦግራፊውንም በእንግሊዝኛ ነው የተማርነው። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ገጽ አስነብቦ «ጸሐፊው ምን ሊል ነው? ይህችን አንቀጽ እዚህ ጋ ለምን አስገባት?» ያለን ሰው አላስታውስም። ስሙን አስምሩበት፣ ግሱን አክብቡት። አክብበን አደግን፣ አክብበን ተመረቅን። ከዚያ ድልድይ ማቆም የሚችል ልጅ 143 ሲያመጣ ቃል አንሶት ነው እንልና ቃል እናጎርሰዋለን። ፈታኞቹ እኮ የቃል ተቃራኒ ፈልግ የሚለውን ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2011 አውጥተው ጥለውታል። አሁን ግማሽ ያህሉ ምንባብ ነው። የኔ ጀግና የሚዘጋጀው ድሮ ለተሰረዘ ፈተና ነው። ፈታኞቹ በነፃ የሚሰጧቸው ሁለት መለማመጃ ፈተናዎች አሉ፤ እስካሁን የከፈተው አንዱን ነው።

እሱንም የሳተውን አሳየኝ ብዬው ነው። አንዲት ደራሲ «ኳሊፋይድ» ሙገሳ አገኘች ይላል። ልጁ ኳሊፋይድ ሲል ያየው የሥራ ማስታወቂያ ላይ ነው፤ ብቁ፣ ደንበኛ፣ እንከን የሌለው። ለደራሲዋ ደስ ብሎት ቀጥሎ ያለውን ሁሉ ሳተ። እዚያ ጋ ግን ቃሉ ገደብ የተደረገበት፣ «ግን» የገባበት ሙገሳ ማለት ነው። ሳቄ መጣ። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር ነው? ቅዳሜ ዕለት የቡናዋ ባለቤት ምን ተባለች? «ቡናሽ እንዴት ይጥማል! ብቻ…» ያቺ «ብቻ» ስትመጣ ባለ ቡናዋ ስኒውን አየች፣ ጀበናውን አየች፣ ከዚያ ተናጋሪዋን አየቻት። ያቺ አስተያየት ኳሊፋይድ የሚለውን ከየትኛውም ወረቀት በላይ ታስረዳለች። እኛ ጀበና ሥር ያደግን ሰዎች ነን። ሙሽራ አሞግሰን ቤተሰቧን የምንሰድበው በአንድ ትንፋሽ ነው።

ደግሞ የአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። «ልጄን ለዚያ ሰውዬ ልጅ፣ ያን ሁሉ የቡና መሬት ይዞ እያየሁ፣ እናቱም ለምናኝ…» ይድራል ወይስ አይድርም? እስከ አራት ነጥቡ መጠበቅ ነው። እንዲህ ያለ ቋንቋ የሚናገር ሰው ጨርሶ በማንበብና ጨርሶ በመስማት ዓለምን ማስከንዳት ነበረበት። እኛ ግን ግሱ ሳይደርስ እንመልሳለን። «ዳርለት! ምን ይጎድለዋል?»

ልጁን ልመክረው የፈለግኩት ታዲያ አጭር ነበር። ስድስቱን ቃላት በእጅህ ሸፍናቸው። ባዶውን ቦታ መጀመሪያ በራስህ ቃል ሙላው፣ በአማርኛም ቢሆን። የግንን እና የብቻን ዘመዶች ፈልግ። የሳትከውን ለምን እንደሳትክ ጻፈው። በቃ ይህችው ናት። ትናንት ማታ አስቀመጥኩትና ለመግቢያ ያህል የመዝገበ ቃላቱን ታሪክ ጀመርኩለት። ዲ ላይ ስደርስ ተነስቶ ክፍሉ ገባ።

ዛሬ ጠዋት በርጩማዬ ላይ ልቀመጥ ስል አንዲት ወረቀት ተለጥፋባታለች። «ጋሩለስ» ትላለች። የሆነ ቦታ የሰማኋት ይመስለኛል። ግን በጂ ነው የምትጀምረው፣ እኔ ደግሞ ከሲ አላልፍም። ያንን ሰውዬ ፈረንጅ አራዳ ላይ ሳገኘው እጠይቀዋለሁ።