ካርቶኑን ከማን ይገዛሉ?

ከብሔራዊ ቴአትር ወደ ለገሃር የሚወርድ ሰው ዐይኑ የሚያርፈው በአሮጌው የባቡር ጣቢያ ላይ ነው። «ለገሃር» የሚለው ስም ራሱ ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው፤ ባቡሩም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው በፈረንሳይ ኩባንያ አማካይነት ነበር። በዚሁ ሠፈር፣ 36 ሄክታር በሚሆን መሬት ላይ፣ በኅዳር 2011 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተቀመጠው የመኖሪያና የንግድ መንደር ግን የአቡ ዳቢው የሕንፃ አልሚ ኩባንያ፣ የኢግል ሂልስ፣ ፕሮጀክት ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ገንዘብ ከፓሪስ ይመጣ የነበረበት ሠፈር ዛሬ ከባሕረ ሰላጤው የሚመጣ ገንዘብ ይጠብቃል።

በዓለም ደረጃም የሆነው ይኸው ነው። በማደግ ላይ ካሉ አገሮች ተነሥተው ድንበር የሚሻገሩ ኩባንያዎች ዱሮ ጥቂት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2020 ግን፣ ወረርሽኙ የምዕራባውያኑን ኩባንያዎች እጅ ባሰረበት ዓመት፣ ወደ ሌሎች አገሮች ኢንቨስትመንት በመላክ ከዓለም አንደኛ የሆነችው ቻይና እንደነበረች የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ መዝግቧል። እኛም ዘንድ «የውጭ ባለሀብት» ሲባል ቀድሞ በሰው አእምሮ የሚመጣው ቻይናዊው፣ ቱርካዊው ወይም ሕንዳዊው ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። እዚያው ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ የቆመውን የንግድ ባንክ ረጅም ሕንፃ ብዙ ሰው የቻይና ኢንቨስትመንት ይለዋል። ቻይናው ግን በባንኩ ገንዘብ የገነባ ሥራ ተቋራጭ እንጂ ባለሀብት አይደለም። ተቋራጭ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል፣ ባለሀብት ግን ገንዘቡን አፍስሶ ከእኛ ጋር ይቀመጣል፤ የምንጠይቀው ጥያቄም የተለየ መሆን አለበት፦ የሚያስፈልገውን ዕቃ ከማን ይገዛል?

እነዚህ ከታዳጊ አገሮች የሚመጡ ኩባንያዎች ያላቸውን ብልጫ አቅልዬ አላይም። ስታዲየም ዙሪያ ካሉት የሞባይል ጥገና ሱቆች ወደ አንዱ ገብታችሁ በባንኮኒው ላይ የተፈታውን ስልክ ተመልከቱ። አብዛኛውን ጊዜ ቴክኖ ነው፦ ሁለት ሲም ይይዛል፣ በአማርኛ ያጽፋል። የቴክኖ ባለቤት የሆነው የቻይናው ኩባንያ ትራንሽን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ስልኩን በኢትዮጵያ ይገጣጥማል። ከሁለቱ ሲሞች አንዱ የሳፋሪኮም ከሆነ ደግሞ፣ በኬንያና በደቡብ አፍሪካ ኩባንያዎች በሚመራ ጥምረት ግንቦት 2013 ዓ.ም. በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ ተገዝቶ የመጣ አገልግሎት ነው፤ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ኤም-ፔሳም ሁለት ዓመት ቆይቶ ተከትሎታል። መብራት በሚጠፋበት፣ የባንክ ቅርንጫፍ በሚርቅበት፣ ደንበኛው በአሥር ብር በአሥር ብር በሚገዛበት ገበያ ውስጥ ያደጉ ኩባንያዎች በመሆናቸው የእኛን ኑሮ ማንም ሳያስረዳቸው ያውቁታል። ይህን ዕውቀት ከለንደን የመጣ ባለሀብት ገና ተምሮ ነው የሚያገኘው።

ነገር ግን ኑሯችንን ማወቅና ለእኛ ማሰብ ለየቅል ናቸው። በጋምቤላ 100 ሺሕ ሄክታር የተሰጠው የሕንዱ የእርሻ ኩባንያ ካሩቱሪ ከመሬቱ ያለማው ጥቂቱን ብቻ ስለነበረ መንግሥት በ2008 ዓ.ም. ውሉን አቋረጠ። በ2002 ዓ.ም. ዓለም ገና አካባቢ የተከፈተው የቱርኩ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አይካ አዲስ ከልማት ባንክ የወሰደውን ብድር መክፈል ተስኖት ፋብሪካው በባንኩ እጅ ወደቀ። ሁለቱም ሲመጡ የተቀበልናቸው በወንድማማችነት ንግግር ነበር። የደቡብ ለደቡብ፣ ማለትም የታዳጊ አገሮች እርስ በርስ፣ ትብብር የሚለው ቃል በስብሰባ አዳራሽ ደስ ይላል፤ በውል ላይ ግን ሊተካው የሚችለው ግልጽ ግዴታ ብቻ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከከሠሩት ይልቅ ተሳክቶላቸው የሚሠሩት ናቸው። ሜክሲኮ አካባቢ አነስተኛ ማተሚያ ቤት ያለው ዘመድ አለኝ። የልብስ ምልክትና የካርቶን ጽሑፍ ናሙና በወፍራም አጀንዳ መካከል አስገብቶ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ የውጭ ፋብሪካ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። ኃላፊው ናሙናውን በጣቱ እየዳሰሰ ጥራቱን ካደነቀለት በኋላ፣ ምልክቱም ካርቶኑም ከጨርቁ ጋር በአንድ ኮንቴይነር ከአገራቸው እንደሚመጣ ነገረው። ፋብሪካው ምርቱን ወደ ውጭ የሚልክ በመሆኑ ግብዓቱን የሚያስገባው ከቀረጥ ነፃ ነው። ዘመዴ ግን የሚያትምበትን ወረቀት የሚገዛው ቀረጡ ተከፍሎበት ነው። በዚህ ሚዛን ላይ የአዲስ አበባው አታሚ ሊያሸንፍ የሚችልበት መንገድ የለም፤ ሚዛኑን ያዘነበልነውም እኛው ነን።

ፋብሪካው እዚህ ተቀምጦ ክሩን፣ ቁልፉን፣ ካርቶኑን ከውጭ የሚያስመጣ ከሆነ በእጃችን የሚቀረው የሰፊዋ ደመወዝና የመብራት ክፍያ ነው። የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ሲዘጋብን ከኢንዱስትሪ ፓርኮች ድርጅቶች በፍጥነት መውጣት የቻሉት አንዱም ምክንያት ይህ ይመስለኛል፦ እዚህ የሚያስራቸው አቅራቢ አልነበረም። ለአገር ውስጥ ገበያ የሚያመርቱት ላይ ደግሞ ጉዳዩ ይበልጥ ይጠናል፤ ገቢያቸው በብር ነው፣ ትርፋቸውን የሚወስዱት በዶላር ነው፣ ግብዓቱም በዶላር ከሆነ ፋብሪካው ራሱ የውጭ ምንዛሪ ጠያቂ ይሆናል። በዚህ ረገድ ሲሚንቶ ይሻላል። የናይጄሪያው ዳንጎቴ በ2007 ዓ.ም. ሙገር ላይ የከፈተው በዓመት 2.5 ሚሊዮን ቶን የሚያመርት ፋብሪካ የኖራ ድንጋዩን ከዚሁ ነው የሚያወጣው። ይሁንና በ2009 ዓ.ም. የምሥራቅ ሸዋ ዞን አስተዳደር የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ለሲሚንቶ ግብዓት የሚሆነውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ የፑሚስን፣ ማውጫዎቻቸውን ለተደራጁ ወጣቶች እንዲያስረክቡ ባዘዘ ጊዜ የተነሣውን ውዝግብ እናስታውሳለን። የወጣቶቹ ጥያቄ የተገባ ነበር። ማዕድን ማውጫ በደብዳቤ ማስረከብ ግን አቅራቢ አይፈጥርም፤ አቅራቢ የሚፈጠረው በብድር፣ በማሽን፣ በጥራት ፍተሻና ቀኑ በሚከበር ክፍያ ነው።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። ወደ ውጭ ለሚልክ ፋብሪካ ግብዓት የሚያቀርብ የአገር ውስጥ አታሚ፣ ፈታይ ወይም ቆዳ ፋቂ፣ ፋብሪካው የሚያገኘውን የቀረጥ ነፃ መብት ያለ ውጣ ውረድ ያግኝ። የግብር እፎይታውም ባለሀብቱ ይዞ በገባው ዶላር ብቻ ሳይሆን ከአገር ውስጥ በገዛው መጠን ጭምር ይርዘም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው ካርቶን በብር ሲታሰብ ተወዷልና፣ ፋብሪካዎቹን ወደ ሜክሲኮው አታሚ ለመመለስ ከአሁን የተሻለ ጊዜ አይገኝም።

ጥያቄው አንድ ቀን ወደ እኛም መዞሩ አይቀርም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቶጎው አስካይ፣ በማላዊና በዛምቢያ አየር መንገዶች ባለድርሻ ነው፤ በእነዚያ አገሮች ዐይን ከታዳጊ አገር የመጣው የውጭ ባለሀብት እኛ ነን። የሉሳካ ነጋዴም ለበረራ የሚቀርበው ምግብ ከማን እንደሚገዛ የመጠየቅ ሙሉ መብት አለው።

የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ኮሚሽን የገባውን የውጭ ኢንቨስትመንት በየዓመቱ በዶላር ይነግረናል። ከዚያ ቁጥር ጎን፣ የውጭ ኩባንያዎቹ በዓመቱ ከኢትዮጵያውያን አቅራቢዎች የገዙትን ዕቃና አገልግሎት በብር አስልቶ፣ ዘርፍ በዘርፍ ያውጣልን።